ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባው ደቦ



የዛሬው ረዘም ይላል። ታሪክ ነው፤ ግን መጨረሻው ዛሬ ላይ ስለሚያርፍ እስከ ታች አብራችሁኝ ዝለቁ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ዱራሜ የእድራችን ጸሐፊ አንድ ሲዲ በላስቲክ ጠቅልለው መጡ። ሲዲው ላይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተተየበው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ደንቡ ሊሻሻል ስለሆነ አሮጌው ለአባላት መነበብ ነበረበት፤ ወረቀቱ ደግሞ ከቤት ቤት ሲዞር ጠፍቷል። አብረን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ልጅቷ ሲዲውን አስገብታ ፋይሉን ከፈተችው። የወጣው አማርኛ አይደለም። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጭረት፣ እንደገና የላቲን ፊደል፤ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፋይል ተበላሽቷል። ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ።

የጸሐፊው ፊት ተለወጠ። ደንቡን ካረቀቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር። አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደለችውም። ለምን ማንበብ እንዳቃተን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ አለብን፤ ይህን ችግር ለወደፊቱ የዘጉት ጥቂት ሰዎች እንዴት እንደዘጉት ማየት ደግሞ ዛሬ «ወጣቱን ኮደር እናድርገው» ለምንል ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው።

ሁሉም በየራሱ ቁና

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። አንድ ሰው «ለዚህ ቁጥር ይህን ቅርጽ ሣል» ብሎ ካልነገረው «ሀ» ምን እንደሆነ አይገባውም። የላቲን ፊደል የቁጥር ሰንጠረዥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለው። የእኛ ፊደል አልነበረውም።

በ1980ዎቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር በየፊናቸው ተያያዙት። በካሊፎርኒያ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው «ዳሸን ኢንጂነሪንግ» በሚል ድርጅት፣ በኮሎራዶ ዶ/ር አበራ ሞላ በራሳቸው ፕሮግራም በግዕዝ ፊደል መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ። ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ስላልበረደ እኔ አልገባበትም። ቀጥሎ ሌሎች መጡ፤ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እያልን የምናውቃቸው ሁሉ።

እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ ያን ሁሉ ጋዜጣና መጽሔት ያስተየበው የእነሱ ሥራ ነው። ደክመዋል፣ ሸጠዋል፣ እንጀራቸውን በልተዋል። ነውር የለበትም።

ችግሩ አንድ ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። ለላቲን ፊደል በተሰጠው ቁጥር ላይ አንዱ «ለ»ን ሣለበት፣ ሌላው «መ»ን፣ ሦስተኛው የ«ቀ»ን ግማሽ። ሁሉም የየራሱን ቁና ይዞ ገበያ ወጣ ማለት ነው። በአንዱ ቁና የተሰፈረ እህል በሌላው ሲሰፈር አይገጥምም። የእድራችን ደንብ የተተየበበት ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ፣ ማሽኑ ቁጥሮቹን በሚያውቀው በላቲን ይተረጉማቸዋል። ልጅቷ ያየችው ዝብርቅርቅ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ጎበዞች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ግን ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሙሉ ቤት ብቻቸውን ሠሩ። አንዱ ያቃናውን ስህተት ሌላው እንደገና ተሳሳተው። ኮዱ የተዘጋ ስለነበር አንድ ወጣት «እኔም ልርዳ» ቢል የሚገባበት በር አልነበረም። ባለቤቱ ሥራውን ሲተው ሶፍትዌሩም አብሮት ይሞታል።

«ሴራ»

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ፣ በሌላ በኩል ጀመሩት። ፎንት አልሸጡም፤ የሚያምር ፕሮግራም ይዘው አልመጡም። መጀመሪያ ያወጡት የጽሑፍ ደንብ ነበር። የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች እንዴት እንወክል? የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ድምፅ ይሁን? ትንሹ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጠ»፤ አናባቢው እንዲህ፣ ዲቃላው ደግሞ እንዲያ። ማንም ሰው፣ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ ምንም ሳይገዛ በኢሜይል አማርኛ መጻፍ እንዲችል።

የደንቡ የእንግሊዝኛ ስም ምሕጻረ ቃል ሲነበብ «ሴራ» ይላል። በመሐል አገር አማርኛ ሴራ ማለት ተንኮል ነው፤ ሰምቶ የሳቀ ይኖራል። በእኛ አገር ግን፣ በከምባታም በሀዲያም በሀላባም፣ ሴራ ማለት ሕዝብ ተስማምቶ ያቆመው የጋራ ሕግ ነው። ሽማግሌ ሲፈርድ «ሴራው ምን ይላል?» ይባላል። የኮምፒውተሩ «ሴራ» በአጋጣሚ ከእኛ ትርጉም ጋር መግጠሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያደረገው ነገር ይኸው ነውና። ማንም ባለቤቱ ያልሆነ፣ ሁሉም ሊያነበው የሚችል፣ የተጻፈ ስምምነት።

ደንቡን ተከትሎ ዳንኤል «ሊብኤት» የሚባል የፕሮግራመሮች መሣሪያ ሠራ። ይህ ለተጠቃሚ የሚታይ ነገር አይደለም። ሌላ ፕሮግራመር በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ ከትቶ የግዕዝ ጽሑፍን ከአንድ ሰንጠረዥ ወደ ሌላ የሚያገላብጥበት ነው፤ ምንጭ ኮዱም ክፍት ነበር። የቅደም ተከተሉን ብልሃት ተመልከቱ። መጀመሪያ ደንብ፣ ቀጥሎ ሌላው ሰው የሚሠራበት መሣሪያ፣ ጌጡ በኋላ። ብዙዎቻችን ተገላብጠን ነው የምንጀምረው። አርማ እናሠራለን፣ ቲሸርት እናሳትማለን፣ የምርቃት ሪባን እንቆርጣለን፤ ደንቡ «በሂደት» ይመጣል።

የጃፓኑ ሰው

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ፤ የተከፈተ በር ማንን ሊያስገባ እንደሚችል የሚያሳየው ታሪክ ያለው እዚያ ነውና።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፣ ማንም እንደልቡ የሚገለገልበት፣ የሚያሻሽለውና የሚያካፍለው ሶፍትዌር ለመሥራት «ግኑ» የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ። ከፕሮጀክቱ ታዋቂ ሥራዎች አንዱ «ኢማክስ» የሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ጃፓኖች የራሳቸው የፊደል ጣጣ ስለነበረባቸው በአንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ያሉ ተመራማሪዎች ኢማክስ የብዙ አገር ፊደል እንዲችል አድርገው ሠሩት። ከእነሱ መካከል ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ሰው የግዕዙን ክፍል ጻፈ። የተመሠረተው በዚያው በ«ሴራ» ደንብ ላይ ነው። በ1997 የብዙ ቋንቋ ችሎታው ከዋናው ኢማክስ ጋር ተዋሃደ። ዛሬም አንድ ሰው ኢማክስን ከፍቶ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተዘረዘረበትን ገጽ ቢያይ «ሠላም» የሚል የአማርኛ ቃል ያገኛል። የታካሃሺ ስምም በፋይሉ ራስ ላይ እንደተጻፈ አለ።

ጃፓናዊው ለግዕዝ ፊደል ኮድ ሊጽፍ የቻለው ሦስት ነገሮች ስለተሟሉለት ነው። ደንቡ ተጽፎ ነበር፤ ስለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ ወይም የፊደሉን ታሪክ ሁሉ ማጥናት አላስፈለገውም። ሥራው ወሰን ነበረው፤ «የኢትዮጵያን ኮምፒውተር አዘምን» ያለው የለም። የሠራው ነገር ደግሞ በስሙ ይቀመጣል፣ ከተዘጋ ድርጅት ጋር አይጠፋም። ለታካሃሺ ማንም ጥሪ ልኮለት እንደሆነ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሲመጣ የሚይዘው ዶማ ተዘጋጅቶ ነበር።

በጀርመንም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆነው ሳይንቲስቶች መጽሐፍ ለሚያዘጋጁበት «ላቴክ» የግዕዝ ጥቅል ሠሩ። ነፃ ነበር፤ ዛሬም ይገኛል።

ለንጽጽር ሊኑክስን እናንሳ። ሊነስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1991 የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ሥራውን ሲያስታውቅ፣ ለመዝናናት ብቻ የያዘው ትንሽ ነገር እንደሆነ ነበር የተናገረው። ሶፍትዌሩ ጎዶሎ ነበር፤ ግን ይሠራ ነበር። ሰዎች ሞከሩት፣ ጉድለቱን ነገሩት፣ ከዚያም አልፈው አቃንተው ላኩለት። በ1997 ኤሪክ ሬይመንድ ይህን አጥንቶ በጻፈው ድርሰት ላይ የደረሰበት ድምዳሜ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጀማሪ ፕሮጀክት ፍጹም መሆን አይጠበቅበትም፣ ነገር ግን መንቀሳቀስ የሚችል ነገር ይዞ መምጣትና ነገ ቁም ነገር እንደሚሆን ማሳመን አለበት። ከባዶ ሜዳ ላይ ሰው አይሰበሰብም።

1999፦ ሁለት ስታንዳርዶች

በ1988 የዜሮክሱ ጆ ቤከር ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይኑር ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ «ዩኒኮድ» ይባላል። የእኛ ፊደል እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲገባ ዳንኤል ያዕቆብን ጨምሮ በውጭም በአገር ቤትም ያሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ተሟገቱ። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። «ሀ» በፕሮግራመሮች አቆጣጠር 1200 ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቁጥር የትም አገር፣ በማንኛውም መሣሪያ «ሀ» ነው።

ሁሉም ፊደል ግን አልገባም። መጀመሪያ የገባው የግዕዝ፣ የአማርኛና የትግርኛ ጸሐፊዎች የሚጋሩት ዋናው ክፍል ነው። በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የቤንች፣ የሜኤንና የብሌን ተጨማሪ ፊደላት፣ የዜማ ምልክቶችም ጭምር ገቡ። በ2010 የጉሙዝ፣ የባስኬቶና የጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ ተከተሉ። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ 28 ተጨመሩ። ዛሬ ድምሩ 523 ደርሷል።

ቅድሚያ መስጠት ማለት ይህ ነው፤ ዋጋም አለው። ጉራጌው በቋንቋው አሟልቶ ለመጻፍ ከአማርኛ ተናጋሪው በኋላ 22 ዓመት ጠብቋል። ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሁሉም ይሟላ ተብሎ 1999 ላይ ቢቆም ኖሮ ማንም ምንም ባላገኘ ነበር። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ለኋለኞቹ ቦታ ትቶ የተሠራ በመሆኑ የዘገየው ሁሉ ሲመጣ የቀደመውን ማፍረስ አላስፈለገውም። ወረፋ የሚታገሠው መጨረሻው ክፍት ሲሆን ነው።

በዚያው በ1999 ከእኛ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ሶዶ ከተማ ላይ ሌላ ስታንዳርድ ወጥቶ ነበር። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ተቀራራቢ ቋንቋ ስላላቸው አንድ የጋራ ቋንቋ ይሁንላቸው ተብሎ «ወጋጎዳ» የተባለ ቅይጥ ተዘጋጀ፤ መማሪያ መጽሐፍም ታተመ። ወጪ ለመቆጠብ ይሁን በቅን ልብ፣ ሐሳቡ ከላይ የመጣ ነበር። መምህሩም ተማሪውም አልቀበልም አለ። ተቃውሞው ወደ ግጭት አመራ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ። በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው ባጀትም ሥልጣንም አልነበረውም፤ ግን ሰው ያለፈበት፣ የተከራከረበት፣ ያመነበት ነበር። ሁለተኛው ባጀትም ሥልጣንም ማተሚያ ቤትም ነበረው። የቆየው የትኛው እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ስለሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህም ሆኖ ከ1999 ማግስት ነገሩ ወዲያው ቤታችን አልደረሰም። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አድርጎ የለቀቀው በ2007 ነው። በመሐሉ ያሉትን ዓመታት የሸፈኑት ነፃ ፎንቶችና ነፃ የመተየቢያ ሶፍትዌሮች ናቸው። የ«ሴራ» ደንብ ራሱ ዛሬ እንደ ድሮው አያስፈልግም። ሥራውን ጨርሶ ዞር ብሏል። ዛሬ በስልካችን በላቲን ድምፅ እየነካካን አማርኛ ስንጽፍ ግን የእሱን ዘመድ እየተጠቀምን ነው።

አምስት ሚሊዮን

አሁን ወደ ዛሬ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየዞኑና በየወረዳው ስብሰባ ላይ የሚነገረው ስንት ሰው እንደተመዘገበና ስንት ሰው ሰርተፊኬት እንደወሰደ ነው። መማሩ መልካም ነው፤ የሚቃወም ካለ እኔ አይደለሁም። የምጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሰርተፊኬቱን የያዘው የዱራሜ ልጅ ነገ ጠዋት ምን ላይ ይሠራል?

መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው ሥራ ፈላጊ ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደውን መንገድ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የሚያስተምር ፕሮጀክት ደግሞ በቅርብ የለም። በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራው የመመረቂያ ፕሮጀክት ውጤት ከተሰጠው በኋላ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ የክሊኒክ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከዜሮ ይጀምራል። የ1980ዎቹ ታሪክ ነው ይህ፤ ሁሉም በየራሱ ቁና።

በሌላ በኩል የሚሠራው ሥራ ሞልቷል። በሊኑክስ ውስጥ የየቋንቋውን የቀንና የወር ስም፣ የገንዘብና የቁጥር አጻጻፍ የሚነግሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ከ20 ዓመት በፊት ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው ግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የሲዳምኛን፣ የወላይትኛን አዘጋጅቶ አስገባ። የከምባትኛና የሀዲይኛ የለም። ሜታ በ2022 ለ200 ቋንቋዎች ባወጣው ክፍት የትርጉም ሞዴል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ አሉ፤ እኛ የለንም። ከምባትኛ የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ የዩኒኮድ ጣጣ የለበትም፤ ቁልፉ ሁሉ አለ። ያጣነው ሥራውን ነው።

ባዶ እጃችንን ግን አይደለንም። አለሙ ባንታ በ2009 ዓ.ም. በብርሃንና ሰላም ያሳተሙት የከምባትኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ። ኢቮን ትራይስ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ2008 ያሳተሙት ጥልቅ የሰዋስው ጥናት አለ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ፣ ካምፓሱ ደግሞ እዚሁ ዱራሜ አለ። ሞዴል ከሚሆኑን ደግሞ በ2019 የተጀመረው «ማሳካኔ» አለ። የአፍሪካ ልጆች በየአገራቸው ሆነው፣ ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ፣ ለቋንቋዎቻቸው ክፍት መረጃና ሞዴል ይሠራሉ። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው እንኳ ተርጉሞ ወይም ዓረፍተ ነገር አርሞ ስሙ በጥናቱ ላይ ከተመራማሪዎቹ እኩል ይሰፍራል።

ደቦ ጠሪው ምን ያዘጋጃል?

ደቦ የጠራ ሰው ያውቀዋል። ሰው ከመምጣቱ በፊት መሬቱ ይለያል፤ «ዛሬ የምንቆፍረው ከዚህ እስከዚያ ነው» ይባላል። ቆጮው ይጋገራል፣ መጠጡ ይደርሳል። ጎልማሳው ከዶማው፣ ልጁ ከውኃው ጋር ቦታ አለው። ጎረቤት ተሰብስቦ ቆሞ «እንግዲህ ምን እንሥራ?» ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይመጣም። ወንፈል ደግሞ ተራ አለው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነገር ከደቦም ይልቅ ለወንፈል የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ያቃናኸው ኮድ ነገ ለአንተም ይሠራልና።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዱራሜም ለሆሳዕናም የሚሆን ቅደም ተከተል አወጣለሁ። አንድ ሰው ያወጣው ስለሆነ ተከራከሩበት።

1. መጀመሪያ ሴራው። የከምባትኛና የሀዲይኛ ቃላት አጻጻፍ የተዘረዘረበት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል። የከተማችን ስም እንኳ በላቲን ሲጻፍ አንዱ አናባቢውን ነጠላ፣ ሌላው ድርብ ያደርገዋል። መምህራን፣ የባህል ቢሮ ሰዎችና ሽማግሌዎች የተስማሙበት ሁለት ሺህ ቃል፣ ማንም እንዲጠቀምበት ከሚፈቅድ ፈቃድ ጋር። ፊደል አራሚውም፣ ትርጉሙም፣ የድምፅ ሥራውም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ከመዝገበ ቃላቱ ባለቤት ፈቃድ ሳይጠየቅ አንዲት ቃል አይገለበጥ፤ በሰው ድካም የተጀመረ ደቦ አይባረክም።

2. ቀጥሎ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ። ያ የሊኑክስ ፋይል ለዚህ ልኩ ነው፤ የሰባት ቀናትና የ12 ወራት ስም፣ ጥቂት ደንቦች። የኮደር ሰርተፊኬት የያዘች ልጅ በአንድ ቅዳሜ ልትጨርሰው ትችላለች፤ ተመርምሮ ሲገባ በዓለም ላይ ባለ ሊኑክስ ሁሉ ውስጥ የሷ ሥራ አለ። ለአዲስ ሰው ከዚህ የበለጠ ግብዣ አላውቅም።

3. ኮድ የማይጽፉት ሰዎች ቦታ ይዘጋጅላቸው። ጆሃንስበርግ ሱቅ የሚሠራው ወንድማችን ማታ ማታ አሥር ዓረፍተ ነገር በቋንቋው ማንበብ ይችላል። እናቱ ተረቱን ትነግረናለች። የፊደሉ ሥራ በዲያስፖራ እንደተጀመረ አይተናል።

4. የማንሠራው ይጻፍ። ለአንድ ዓመት የስልክ አፕ የለም፣ የራሳችን «ቻት ቦት» የለም፣ አርማ የለም። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ገንዘብ ሰጪም ባለሥልጣንም የሚወደው ሪባን የሚቆረጥለትን ነውና። ግን የተባለው ካልተጻፈ እያንዳንዱ አዲስ መጪ የየራሱን ሕልም ይዞ ይገባና ፕሮጀክቱ በስድስት ወር ይበተናል።

5. የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍ። አንድ ቃል ያረመም ቢሆን።

«ሰው ደመወዝ ሳያገኝ እስከ መቼ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በበጎ ፈቃድ ብቻ የቆሙ ብዙ ክፍት ፕሮጀክቶች ባለቤታቸው ሲደክመው ቆመዋል፤ በ1990ዎቹ ከተሠሩት የእኛ መሣሪያዎችም ዛሬ የሚንከባከባቸው የሌለ አሉ። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ለጠባቂው ደመወዝ መፈለግ ግዴታ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የተዘጋው ሶፍትዌር ባለቤቱ ሲተወው የእድራችንን ደንብ ይዞ ሄደ። ክፍቱ ሲተው ኮዱና ደንቡ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል። በተጨማሪም ያን የሊኑክስ ፋይል የሠራች ልጅ ሥራ ስትፈልግ ከሰርተፊኬቱ ሌላ የምታሳየው ሥራ ይኖራታል።

ስለ ሲዲው

የእድራችን ደንብ መጨረሻው ምን ሆነ ላላችሁ፦ አንድ ወዳጄ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የድሮውን ፎንት አገኘልን። ጫንነው፣ ጽሑፉም ተነበበ። ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር የሞከርነው መቀየሪያ ግን ግማሹን ፊደል አሳሳተው፤ ስለዚህ ያቺው ልጅ ማያ ገጹን እያየች አሥራ አንዱን ገጽ እንደገና ተየበችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ጸሐፊው አጠገቧ ተቀምጠው ቃል በቃል አረሙላት። አንቀጽ 14 ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው «ይቺን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለሩቅ አገር ሟች ቤተሰብ ስለሚደረግ መዋጮ የሚናገር አንቀጽ ነው።

ልጅቷን ኮደርነት ተመዝግባ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰርተፊኬቷን ከስልኳ አወጣችና አሳየችኝ። «አሁን ምን ላይ እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ኧረ ምን አለና ጋሼ» አለች።

የወራትንና የቀናትን ስም በከምባትኛ በትክክል ልትጽፍ የምትችል መምህር ካላችሁ አገናኙኝ። ለሷ የቅዳሜ ሥራ አለኝ።